ሼህ እንድሪስ ግቢ ያነበብነው የጠፈር መጽሐፍ

ባለፈው ሐሙስ ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፊልም ያይ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰው ስልክ ማየት አንዱ ሥራዬ ሆኗል፤ አላፍርበትም። ትልቅ የብረት መርከብ በጨለማ ሰማይ ላይ ይንሳፈፋል፤ ልጆች መስኮቱ ላይ ተደርድረው እየራቀች የምትሄደውን መሬት ያያሉ። «ስለምንድነው?» አልኩት። «የጠፈር ነገር ነው አባባ፣ አይገባዎትም» አለኝ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። አይገባዎትም! ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ ያስተማርኩትን ሰውዬ! ልቆጣው ነበር፤ ግን ቃል ከአፌ ሳይወጣ ተማሪዬ የነበረችው ዘይነብ ትዝ አለችኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ከዚያ እስከ መናኸሪያው ድረስ የትኛውን አገር እንዳለፍን አላውቅም። ልጅቷ ብቻ ነበረች ፊቴ ላይ፣ ሰማያዊ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ሻሿን እስከ ግንባሯ አውርዳ፣ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ።

ያኔ ይህ መንገድ ቀን ሙሉ ይፈጅ ነበር። ከደሴ ጎህ ሲቀድ የተነሳው አውቶብስ፣ ክረምት ከሆነ ጭቃ ውስጥ ይተከልና ተሳፋሪው ወርዶ ሲገፋ ይውላል፤ ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ተሳፋሪውም አንድ ቀለም ሆነው ነው መካነ ሰላም የሚገቡት። መንግሥት ተለውጦ፣ ወታደሩ ወደየቤቱ ተበትኖ፣ ሬዲዮኑ ሌላ ዜማ የጀመረበት ዘመን ነው። ዓመቱን በትክክል አልነግራችሁም፤ ሻይ በስሙኒ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ፣ ቦምቦሊኖውም እንደዚያው። ተማሪው ሁሉ ኮንጎ ጫማ ነበር የሚያደርገው፤ ፀሐይ ሲወጣ እግር የሚቀቅል፣ ብርድ ሲሆን ደርቆ ተረከዝ የሚልጥ ፕላስቲክ። ከመናኸሪያው ማዶ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ጠዋት መንዙማ፣ ከሰዓት ዘፈን ይከፍታል፤ ለሁለቱም ድምፁን እስከ መጨረሻው ነው የሚለቀው። እኔ ደግሞ ከአረብ አገር ከመጣ ሻንጣ ላይ የገዛሁት አንገትጌው ትልቅ፣ አበባ አበባ ሸሚዝ ነበረኝ፤ እሱን ለብሼ በዋናው መንገድ ስወርድ ከተማው ሁሉ የኔ ይመስለኝ ነበር። ምስኪን! አሁን ያንን ጎረምሳ ባገኘው ስንት ነገር ነበር የምነግረው።

በትምህርት ቤቱ ከማስተማሩ ሌላ የመጻሕፍት ክፍሉ ቁልፍም በኔ እጅ ነበር። መጻሕፍት ክፍል ማለት የተሰበረ ወንበር የሚቀመጥበት መጋዘን ነው፤ ከእርዳታ የመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በካርቶን ተደርድረው አይጥ ያነባቸዋል። ከነዚያ መሀል አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ አገኘሁ፤ ለወጣቶች የተጻፈ የጠፈር ጉዞ ታሪክ። ሽፋኑ የለም፤ የመጽሐፉም የደራሲውም ስም ከሽፋኑ ጋር ሄዷል። አራት ልጆች አንድ የምርምር ጣቢያ ሊጎበኙ ሄደው ድብብቆሽ ሲጫወቱ መርከብ ውስጥ ይገባሉ፣ መርከቧ ተነስታ እነሱን ይዛ ትበራለች። ትልቋ ናርዶስ ትባላለች፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ማንም ሳያስተምራት የመርከቧን መሣሪያዎች አንድ በአንድ እየነካካች ትማራለች። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ራሴ ቆሜ ጀምሬው ምሳዬን ረስቼ ቀረሁ።

መጽሐፉን ከኔ ቀጥላ የወሰደችው ዘይነብ ናት፤ የሼህ እንድሪስ የስተርጅና ልጅ። ሼህ እንድሪስ ከገበያው በላይ ባለው ግቢያቸው ደረሳ የሚባሉትን የሃይማኖት ተማሪዎች ሰብስበው ቁርአን የሚያቀሩ፣ አረብኛውን እንደ አፍ መፍቻ የሚያነቡ፣ የአማርኛ ፊደል ግን ብዙም የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ዘይነብ ክፍል ውስጥ ጥያቄዋ አያልቅም ነበር። አንዳንድ ተማሪ መምህሩን ለመፈተን ይጠይቃል፤ እሷ ግን ካልገባት ሆዷን ይቆርጣት ነበር። መጽሐፉን በወሰደች በሳምንቱ ሼሁ ራሳቸው ትምህርት ቤት መጡ፤ ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ ዘንጋቸውን ይዘው።

«መምህር፣ ይች ልጅ የያዘችው ኪታብ ምን ይላል? እንቅልፏ ውስጥ ሁሉ ታወራዋለች።»

«ልብ ወለድ ነው ሼህ። ልጆች በመርከብ ወደ ሰማይ ሲሄዱ ነው።»

«ወላጅ አስፈቅደው ነው?»

«የለም፣ በስህተት ነው የሄዱት።»

«እንግዲያ ሐሙስ ደረሳ አይቀራም። አንተም ና፤ እሷ ታንብብ፣ እኔ ልስማው። ነውር ካለበት እዘጋዋለሁ» አሉኝ።

አልዘጉትም። ከዚያች ሐሙስ ጀምሮ በየሳምንቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ቀጥሎ፣ ግቢያቸው ውስጥ ንባብ ሆነ። ሼሁ በግድግዳው ጥግ አጎዛቸው ላይ፣ እትዬ ሙሚና ሚስታቸው ደጃፉ ላይ ጥጥ እየፈለቀቀች፣ ሦስት አራት ደረሳ መሬት ላይ፣ እኔ እንግዳ ስለሆንኩ በርጩማ ላይ። ዘይነብ የምታነበው እንደ ቁርአን ነበር፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ትንፋሿን ሰብስባ። በአንድ ሐሙስ አንድ ምዕራፍ ብቻ፤ ሼሁ ከዚያ በላይ አይፈቅዱም፣ ሳይላመጥ አይዋጥም ይላሉ። አንድ ቀን መርከቧ ውስጥ አየር ሊያልቅ ሲል፣ ንባቡን አስቁመው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ የሰው ልጆች ናቸው፤ አየር አታሳጣቸው!» እኛም ሁላችን «አሚን!» አልን። እኔ የሚካኤል ጽዋ ጠጪ፣ የፊዚክስ መምህር፣ ወረቀት ላይ ላሉ ልጆች «አሚን» አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ፀሐይ በማትጠልቅበት አገር የመግሪብ ሶላት ሰዓት በምን እንደሚታወቅ ጠየቁኝ። ሳምንት ሙሉ ኪታባቸውን ሲያገላብጡ ሰንብተው፣ «መንገደኞች ናቸው፣ አጣምረው ይሰግዳሉ» ብለው ፈረዱ። ናርዶስ የምትባል ልጅ ትሰግዳለች ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

መሀል ላይ ስንደርስ የጊዜው ነገር መጣ። መርከቧ ከብርሃን ፍጥነት ትንሽ ብቻ ዝቅ ብላ ስለምትበር፣ የልጆቹ አንድ ዓመት መሬት ላይ አሥር ዓመት ይሆናል። ናርዶስ ይህን ስታውቅ እናቷን አስባ ታለቅሳለች። ዘይነብም እዚያ ላይ ንባቧን አቆመች። «ቲቸር፣ ይሄ እውነት ነው?» አለችኝ። ከደረሳዎቹ የአንዱን ሎህ፣ ቁርአን የሚጻፍበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ተቀብዬ በከሰል መስመር አሰመርኩላትና፣ እየሮጠ ያለ ሰዓት ቆሞ ካለው ሰዓት ይልቅ ቀስ እንደሚል፣ ይህም በስሌት የተረጋገጠ መሆኑን አስረዳኋት። ሼሁ ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ «የጌታ ቀን ከኛ ቀን ጋር እኩል ነው ያለህ ማነው? ለኛ አዲስ አይደለም» አሉ። ዘይነብ ግን አልተጽናናችም። «እንግዲያ የሄደው ልጅ ሆኖ ሲመለስ፣ የቀረው አርጅቶ ነው የሚጠብቀው» አለች። እናቷ ከደጃፉ ላይ ሳቀችባት፤ «የምትሄጅው አንቺ፣ የማረጀው እኔ!» አለቻት። ያኔ ሁላችንም ሳቅን።

በዚያው ዓመት በልጉ ቀረ። የኛን ደጋ የሚያውቅ በልግ ቀረ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ገብሱ ከመሬት አንድ ስንዝር ሳይነሳ ሚያዝያ ላይ ይቃጠላል። የሼሁ በሬ ሞተ፣ ሁለተኛውን ሸጡት። ከጎናቸው ያለው ቤት በዚያው ወራት ቆርቆሮ ለበሰ፤ የዚያ ቤት ልጅ ከጂዳ በላከችው ገንዘብ። ነብር የተሳለበት ብርድ ልብስ አጥሩ ላይ ይሰጣል፤ መሰጣቱ እንዲደርቅ ይሁን እንዲታይ ማንም አይስተውም። እትዬ ሙሚና በየቀኑ ያንን ቆርቆሮ ታያለች። ዘይነብም ለሥራ አረብ አገር ትሂድ የሚለው ነገር ሲነሳ ሼሁ አንድ ቃል ነበር ያላቸው። «ሃያ ዓመት ሲሞላት ትሂድ፣ አልከለክላትም። በልጅ ዕድሜ ላይ የሐሰት ምስክር ማቆም ግን ከትልልቁ ወንጀል ነው፤ ከኔ ቤት አይወጣም።» ዘይነብ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር።

እናትየው በሌላ በኩል ዞረች። «በዑምራ ነው የምትሄደው፣ መካ ለዱዓ ከሚሄዱ የአቀስታ ሰዎች ጋር፤ ሥራውን እዚያው ትይዛለች። ዕድሜ አይጠየቅም» አለቻቸው። ሼሁ በሦስተኛው ቀን «ካዕባን በዓይኗ ታየዋለች ማለት ነው?» ብለው ጠየቁና እንባቸው መጣ። ፈቀዱ። እትዬ ሙሚና ግን በዚያው ማታ እኔ ዘንድ መጣች፤ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ። እንደነገረችኝ፣ ሰው ወደ ውጭ የሚልከው ደላላ ፓስፖርት የሚያወጣው ሃያ አራት ዓመቷ ነው የሚል የቀበሌ ወረቀት ካለ ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሦስት ምስክር ያስፈልጋል። ሁለቱን ደላላው ያመጣል፤ ሦስተኛው ግን የታወቀ ሰው ይሁን ብሏል።

«ወንድምዓለም፣ በሞቴ። አንተ ካልክ ማንም አይጠይቅም።»

«ሼሁ ቢሰሙስ?»

«ከየት ይሰማሉ? እኔና አንተ ካልነገርናቸው።»

እምቢ ማለት እችል ነበር። ይህንን ለራሴ ስንት ጊዜ ነገርኩት። ዘይነብ በማግስቱ ራሷ መጣች። «ቲቸር፣ ሁለት ዓመት ብቻ። ቤቱን ቆርቆሮ አልብሼ፣ ለአባቴ በሬ ገዝቼ እመለስና ትምህርቴን ካቆምኩበት እቀጥላለሁ» አለችኝ። እኔም አሰብኩ፤ ጎበዝ ናቸው ብዬ ያሳለፍኳቸው ልጆች መናኸሪያው ግንብ ላይ ተደርድረው የሚመጣውን አውቶብስ ሲቆጥሩ በየቀኑ አያቸዋለሁ። ብትቀርስ ምን ልሰጣት ነው? ደግሞም ሁሉም ያደርገዋል። ይህችን «ሁሉም ያደርገዋል» የምትል ነገር ሳስባት ዛሬም ራሴን እጠላለሁ። ቀበሌ ሄድኩ። ዘይነብ የእናቷን ቀሚስ ለብሳ፣ እንዳገባች ሴት ፀጉሯ ላይ ጉፍታ አስራ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ የተውሶ ጫማ አድርጋ ቆማለች። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «መምህር፣ እርስዎ ካሉ ምን ጥያቄ አለው» አለና ጻፈው። ያኔ የመምህር ቃል ዋጋ ነበረው። ስንወጣ ልጅቷ በዚያ ጫማ እየተደናቀፈች ትስቃለች፤ «ቲቸር፣ በአምስት ደቂቃ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ! የናርዶስ መርከብ እንኳ እንዲህ አትችልም!» አለችኝ። ሳቅኩላት።

ስትሄድ ከመጽሐፉ አራት ምዕራፍ ቀርቶን ነበር። ሼሁ ከኪታቦቻቸው መሀል አስቀመጡትና «እሷ ሳትኖር አይነበብም» አሉ። ከስምንት ወር በኋላ በሰው እጅ አንድ ካሴት መጣ፤ በዚያ ዘመን ደብዳቤ በድምፅ ነበር የሚላከው። የካሴት ቤቱን ቴፕ ተውሰን ግቢው ውስጥ ከፈትነው። ግማሹ ሰላምታ ነው፤ ጎረቤቱን ሁሉ በስም እየጠራች፣ ደረሳዎቹን፣ ላሟን ሳይቀር። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቤቱ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ አይከፈትም። በሩ በውጭ በኩል ይቆለፋል። ደህና ነኝ፣ አታስቡ። መጽሐፉን እንዳትጨርሱት፣ መጥቼ እኔ ነኝ የማነብላችሁ» አለች። ሼሁ ካሴቱን ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ሁለተኛ ካሴት አልመጣም።

ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሼሁ ጋር አጥራቸው ስር ተቀምጠን ሳለ አንዲት ሴት መጣች። ከሳዑዲ የተመለሰች፣ ፊቷ የከሳ፣ ወርቅ ጥርስ ያላት ሴት ናት። እዚያ ሐኪም ቤት ውስጥ ስታጸዳ ስለ አንዲት የወሎ ልጅ ሞት የተጻፈ ወረቀት እንዳገኘችና የሟቿን ዘመዶች እንደምታፈላልግ፣ ወረኢሉም አቀስታም እንደጠየቀች ነገረችን። አረብኛ ማንበብ ስለማትችል ሼሁ እንዲያነቡላት ነበር የመጣችው። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡ። «ዘይነብ እንድሪስ ይላል» አሉ። እትዬ ሙሚና ከቤት ብቅ አለች። ሼሁ ጣታቸውን ከመስመር ወደ መስመር ወሰዱ፤ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱ። «አልሐምዱሊላህ። ሃያ ሰባት ዓመት ይላል። የኔዋ አሥራ ስምንቷ ነው። በወሎ ምድር ስንት ዘይነብ እንድሪስ አለ!»

ሙሚናና እኔ ዓይን ለዓይን ተያየን። እሷ ሃያ አራት ላይ ሦስት መደመር ትችላለች። እኔ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር ነበር የማውቀው። «ሼህ፣ የተወለደችበት ቀን አለው?» አልኳቸው፤ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። ቀኑንና ወሩን ነገሩኝ። በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር፤ በልቤ ወደኛ መለስኩት። የኔ የልደት ቀን ነው። ቀበሌ ጸሐፊው «ቀኑስ?» ሲለኝ ሌላ ቀን ስላልመጣልኝ የራሴን ነበር የሰጠሁት። ወረቀቱ ላይ የነበረችው ሴት እኔ የሠራኋት ሴት ናት። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር፤ አልተናገርኩም። ሙሚና «አላህ ይዘንላት። የማን ምስኪን ትሆን?» አለችና ወደ ቤት ተመለሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ስትስቅ ያያት ሰው የለም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ራሷም ሞተች፤ በምን እንደሆነ ሐኪሙም አላወቀ።

ሼሁ ግን ለዚያች ወላጅ አልባ ለመሰለቻቸው ሟች አዘኑላት። ያቺ የመጣችው ሴት ስትሰናበታቸው፣ «አብሽሪ፣ አይዞሽ፤ ልጅቷ ያለ ዱዓ አትቀርም» አሏት። በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ሰው አሰልፈው፣ ሬሳው ሩቅ አገር ለቀረ ሟች የሚሰገደውን ሶላት አሰገዱላት። እኔ ከመስጊዱ አጥር ውጭ ቆሜያለሁ። ከፊት ለብቻቸው ቆመው፣ ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ስሟን ጠርተው ምሕረት ለመኑላት። ድምፃቸው አልተሰበረም። የሰው ልጅ ነበረች ለእሳቸው፤ እንደ መጽሐፉ ልጆች። አባት በልጁ ላይ እየሰገደ ልጁ መሆኗን የማያውቅበትን ነገር በዓይኔ አየሁት፤ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት፣ ስንት ጦርነት አለፈ፤ ሻይ ስሙኒ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ጠፋ፤ ካሴት ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆነ። እኔ ግን ከዚያ አጥር ስር አልተነቃነቅኩም።

ሐሙስ ዕለት ከሚኒባሱ ወርጄ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ በቀጥታ ወደ ሼሁ ግቢ ወጣሁ። ዘጠና አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ፈዟል፤ የሚያቀሩት ደረሳ ከቀረ ቆይቷል፤ የእህታቸው ልጅ ናት የምትጦራቸው። እጃቸውን ስይዝ በመዳፌ አወቁኝ። «መምህር ነህ? ደግ መጣህ። ስለ ዘይነብ ሳስብ ነበር የዋልኩት።» ጎናቸው ተቀመጥኩ። የምናገረውን መንገድ ላይ አሰናድቼው ነበር፤ የመጀመሪያውን ቃልም አፌ ላይ ይዣለሁ።

«አርባ አልፏታል አሁን» አሉ እሳቸው ቀድመው። «አግብታ ወልዳ ይሆናል። ልጆች ሲኖሩ ሰው ይያዛል። ድሮ እቆጣት ነበር፣ እንዴት አንድ ቃል አትልክም እያልኩ። አሁን ግን ገባኝ። ሰው ሲከፋው ነው አገሩን የሚጠራው። ዝም ያለችው ተመችቷት ነው። አይመስልህም? አንተ የተማርክ፣ ውሸት የማታውቅ ሰው ነህ፤ እውነቱን ንገረኝ።»

የእህታቸው ልጅ ከወዲያ ዕቃ ታጥባለች። ሼሁ የፈዘዘ ዓይናቸውን ወደኔ አቅንተው ይጠብቃሉ።

«አዎ ሼህ» አልኳቸው። «ተመችቷት ነው።»

እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሳሙት። «አላህ ዕድሜ ይስጥህ፣ ልቤን አሳረፍከው» አሉኝ።